ዝናቡን የት አደረስከው?

አያቴ መጻፍ አትችልም ነበር። አሜሪካ ላለው ልጇ፣ ለአጎቴ ማለት ነው፣ ደብዳቤ የምትልከው በካሴት ነበር። በዚያ ዘመን ያለፈ ቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ ቴፑ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ቀዩ ቁልፍ ከማጫወቻው ጋር አንድ ላይ ይጫናል፣ ከዚያ ቤተሰቡ በየተራ እየቀረበ ይናገራል። ያፈረ ይስቃል፤ ሕፃን "ዘፈን ዝፈንለት" ይባልና ያለቅሳል። ካሴቱ ሲሞላ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ይፈለጋል።

ባለፈው ዓመት አጎቴ ከእነዚያ ካሴቶች አንዱን በሰው እጅ መልሶ ላከልኝ። "ቴፑ ሳይበሰብስ ኮምፒውተር ላይ ገልብጥልኝ" አለኝ። ገለበጥኩት። ሐምሌ ወይም ነሐሴ ይመስለኛል የተቀዳው፤ ጉለሌ ያለው ቤታችን ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ አያቴ ከዝናቡ በታች ትናገራለች። እኔ ደግሞ ድምፅ ማጽጃ ፕሮግራም በቅርቡ መማሬ ነው፤ እጄ አላረፈም። ማንም ያልተናገረባትን አንዲት ሰከንድ መረጥኩ፣ "ጫጫታ ማለት ይህ ነው" ብዬ ለፕሮግራሙ አሳየሁት፣ ከጠቅላላው ካሴት እንዲያወጣው አዘዝኩት። አወጣው። ዝናቡ ጠፋ። አያቴ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ብቻዋን የተቀመጠች መሰለች። ደስ ብሎኝ በቴሌግራም ላክሁለት።

ከሦስት ሰዓት በኋላ መለሰልኝ። "ድምፅዋ ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን ዝናቡን የት አደረስከው?"

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ደግሜ ሳዳምጠው ግን አያቴ ዐረፍተ ነገር ስትጨርስ ድምፅዋን ዝቅ የምታደርጋት ነገር ነበረች፤ "አይዞህ ልጄ" ስትል "ጄ" የምትለዋ ትንፋሽ ብቻ ነበረች። ያቺ ትንፋሽ የለችም። ፕሮግራሙ ትንፋሿን ከዝናቡ መለየት ስላልቻለ አብሮ ወስዷታል።

ይህን ያነሳሁት ስለ ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ስለ ጉስታቭ ማህለር ዘጠነኛ ሲምፎኒ፣ ለትልቅ ኦርኬስትራ ስለተጻፈ ረጅም ሙዚቃ፣ ለመጻፍ ነው። መንገዱ ሩቅ መሰለ አይደል?

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 1938፣ እሑድ፣ በኛ ጥር 8 ቀን 1930 ዓ.ም.፣ የቪየና ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ሙዚክፌራይን በሚባለው አዳራሹ፣ ብሩኖ ዋልተር እየመራው ይህን ሲምፎኒ ተጫወተ። ኤችኤምቪ የተባለው የእንግሊዝ ሸክላ አሳታሚ ማይክሮፎኖቹን አዳራሹ ውስጥ ተክሎ ነበር። ሥራውን የያዘው ፍሬድ ጋይስበርግ ነው፤ በ1902 ሚላን ድረስ ሄዶ ካሩሶን የቀዳው ሰው። ዘጠነኛው ሲምፎኒ ከዚያ በፊት ሙሉ ሆኖ በሸክላ ወጥቶ አያውቅም። ሁለት ወር ሳይሞላው፣ መጋቢት ላይ፣ የሂትለር ጦር ቪየና ገባ።

ይህን ቅጂ መጀመሪያ የሰማሁት መብራት በጠፋ ማታ፣ ስልኬ ላይ በቀረው ባትሪ ነው። ልጅ ሆኜ ሁለት ዓመት ቫዮሊን ተምሬ ትቻለሁ፤ ከዚያ የቀረልኝ ነገር ቢኖር ሰው ሲጫወት ቀስቱን በዓይኔ መከተል ብቻ ነው። ያን ማታ ግን የምከተለው ነገር አልነበረም። መጀመሪያ የመጣው ሽሽሽ የሚል ድምፅ ነው፤ እንደ ሩቅ ወራጅ ውሃ። ቀጥሎ ቼሎዎቹ አንዲት ድምፅ ነካ አደረጉ፣ ሆርን መለሰላቸው፣ ሃርፕ ገባ፣ ሁሉም የሚያመነቱ ይመስላሉ። መሐል ላይ አንድ ሰው ሳለ። የተለየ ሳል አይደለም፤ ጥር ወር አውሮፓ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው የሚስለው ነው። እኔ ግን ከሙዚቃው ይልቅ እሱን ይዤ ቀረሁ። ማን ይሆን? ኮቱን አውልቆ ነው ወይስ እንደለበሰ?

ስለ ሸክላው ራሱ ትንሽ ልበል፤ ይህ ክፍል የማይጥመው ዘሎ ይለፈው።

እኛ "ሸክላ" እንላለን። ቃሉ ከእንስራና ከጀበና ጋር አንድ መሆኑ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ የዚያ ዘመን ሸክላ እውነትም ከእጅ ከወደቀ እንደ ጀበና ነው የሚሰበረው። በኋላ የመጡት የፕላስቲኮቹ ጠባይ ሌላ ነው። አሮጌዎቹ ሼላክ ከሚባል፣ አንዲት ትንሽ ነፍሳት ዛፍ ላይ ከምታመርተው ሙጫ፣ ከድንጋይ ዱቄት ጋር ተደባልቀው የሚሠሩ ናቸው። ሽሽሽ የሚለው ከዚያ ዱቄት ነው፤ መርፌው የሚሄደው ለዓይን ለስላሳ በሚመስል፣ ለመርፌ ግን ኮረኮንች በሆነ መንገድ ላይ ነው። በደቂቃ 78 ጊዜ ይዞራሉ። ትልቁ ሸክላ በአንድ ገጹ አራት ደቂቃ ተኩል ቢይዝ ነው። ሰባ ደቂቃ ያህል የሚፈጀው ዘጠነኛው ሲምፎኒ ስለዚህ ሃያ ገጽ ሆኖ ታተመ። አሥር ሸክላ! የዚያ ዘመን አድማጭ ሲምፎኒውን ጨርሶ ለመስማት ሃያ ጊዜ ከወንበሩ ይነሳ ነበር ማለት ነው። (ነጋድራስ ተሰማ እሸቴም እ.ኤ.አ. በ1908 በርሊን ላይ ማሲንቋቸውን ይዘው የተቀዱት በዚሁ ዓይነት ሸክላ ነው፤ ያኔማ ማይክሮፎንም ስላልነበረ የተዘፈነው ቀጥታ ወደ ቀንድ ውስጥ ነበር። የእሳቸውን የሰማ ሰው ከሽሽታው ኋላ የሚቆም ሰው ምን እንደሚመስል ያውቃል።)

ሙዚቃው መጀመሪያ የሚቆረጠው ሰም ላይ ነው። እዚህ ጋ "ሰምና ወርቅ" ልል ነው ብላችሁ ከሰጋችሁ ልክ ናችሁ፤ ግን የምለው ቃል በቃሉ ነው። ወፍራም የሰም ሳህን ይዞራል፣ መቁረጫው ድምፁን እየተከተለ ቦይ ይቆፍራል። የተቆፈረውን ሰም ማጫወት አይቻልም፤ መርፌ ከነካው ያበላሸዋል። ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ በደቃቅ ዱቄት ይለበጥና መዳብ ይበቅልበታል። መዳቡ ሲላቀቅ የድምፁ ግልባጭ እሱ ላይ ይቀራል፤ ሰሙ ተልጎ ለሌላ ቀረጻ ይዘጋጃል። ሸክላዎቹ የሚታተሙት ከዚያ ብረት ዘር በወረዱ ቅርጾች ነው። መድረክ ላይ ያለ ኦርኬስትራ ደግሞ ሸክላ እስኪለወጥ ቆሞ አይጠብቅም፤ ስለዚህ ሁለት መቁረጫዎች ይፈራረቃሉ፣ አንዱ ሊጨርስ ሲል ሌላው ይቀበለዋል።

አሁን አንድ ሰው ይህን ሁሉ መልሶ አንድ ሊያደርገው ተነሳ እንበል። መጀመሪያ ሸክላ ያድናል። የአንዱ ሰብሳቢ ሦስተኛ ገጽ ደህና ይሆንና ዘጠነኛው ያረጀ ይሆናል፤ የሌላው ተቃራኒው። ያጥባቸዋል። ከዚያ መርፌ ይመርጣል፤ የድሮው ቦይ ከፕላስቲክ ሸክላ ቦይ ሦስት እጥፍ ያህል ይሰፋል፣ በዚያም ላይ ያለፈው ግራማፎን አንዱን ከፍታ ፍቆት ከሆነ ያልተነካውን የቦዩን ክፍል የሚያገኝ ውፍረት እስኪገኝ መርፌ መቀያየር ነው። ቀጥሎ ፍጥነት። ሸክላው ትንሽ ቢፈጥን ኦርኬስትራው በሙሉ ቅኝቱ ከፍ ይላል፣ ቢዘገይ ይወርዳል፤ ሃያ ገጽ ሃያ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ከዚያ መስፋት። የአንዱ ገጽ መጨረሻና የሌላው መጀመሪያ፣ ቫዮሊኖቹ አንዲት ረጅም ድምፅ ላይ እያሉ፣ ጆሮ ሳያውቀው መጋጠም አለበት። እንደ ቆሎ ጠሽ ጠሽ የሚለውን አንድ በአንድ መልቀም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

እስከዚህ ድረስ ባለሙያዎች ብዙም አይጣሉም። የሚጣሉት ሽሽሽ ላይ ነው።

እኔ ሁለት ቅጂ አለኝ። አንዱን ያዘጋጀው ማርክ ኦበርት-ቶርን ነው፤ አሮጌ ሸክላን ወደ አዲስ ቅጂ በመገልበጥ ስሙ የታወቀ፣ ናክሶስ ለተባለው ሙዚቃ አሳታሚ ብዙ የሠራ ሰው። ሽሽታውን ዝቅ አድርጎታል እንጂ አላጠፋውም። የሌላኛውን ስም አልጠራም፤ እዚያ ውስጥ ግን ሽሽሽ የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ስሰማው "ይኼ ነው!" ብዬ ነበር። ጥቁር ጸጥታ፣ ከዚያ ውስጥ የሚወጣ ኦርኬስትራ። ሁለተኛ ቀን ላይ ግን ድካም ድካም አለኝ። ቫዮሊኖቹ የውሃ ውስጥ ይመስላሉ፤ ትልቁ አዳራሽ የለም፤ ሰውዬው ሲስል ሳሉ ጫፉ ተቆርጦ እንደ እንቅፋት ድም ይላል። ልክ እንደ አያቴ "ጄ"።

ነገሩ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ያስችላል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን አያስችልም።

ማህለር ዘጠነኛውን የጻፈው በ1909 በጋ ቶብላክ በሚባል ተራራማ መንደር ተቀምጦ ነው፤ በዓመቱ ጨረሰው። በግንቦት 1911 ሞተ። አንድም ጊዜ ሲጫወት አልሰማውም። በሰኔ 1912 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመራው ይኸው ዋልተር ነው፤ በወጣትነቱ ሃምቡርግና ቪየና ላይ የማህለር ረዳት የነበረ፣ እንደ ልጅ የሚቆጠር ሰው። ሲምፎኒው አራት ክፍል አለው። ሁለቱ መካከለኞቹ የገበሬ ጭፈራና የሚያላግጥ ግርግር ናቸው፤ የመጨረሻው አዳጆ ነው፣ ዘገምተኛ። የአዳጆው ማብቂያ ላይ የነፋስ መሣሪያዎቹ ሁሉ አንድ በአንድ ወጥተው ክሮቹ (ቫዮሊንና ቤተሰቦቹ) ብቻ ይቀራሉ፣ እነሱም ታፍነው። የመጀመሪያ ቫዮሊኖቹ ማህለር ራሱ ስለ ሞቱ ሕፃናት ከጻፋቸው መዝሙሮች አንዷን በጨረፍታ ይጠቅሳሉ። ከዚያ ድምፅ፣ እረፍት፣ ድምፅ፣ ረዘም ያለ እረፍት። ኖታው ላይ ማህለር የጻፈው ቃል በጀርመንኛ "እየሞተ" እንደማለት ነው።

እንግዲህ አስቡት፤ ቪየና ፊልሃርሞኒክ በተቻለው መጠን ዝቅ ብሎ ሲጫወት፣ ድምፁ ከሸክላው ሽሽታ ጋር እኩል ይሆናል። አንዳንዴም ከሱ በታች ይገባል። ጽዳት የሚወድ ሰው እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ሽሽታውን ቢያወጣ ቫዮላዎቹ፣ ከቫዮሊን ወፈር ያለ ድምፅ ያላቸው ክሮች፣ አብረው ይወጣሉ፤ ሁለቱ የተቀመጡት አንድ ቦታ ነው። የጸዳው ቅጂዬ ውስጥ የመጨረሻዋ ገጽ የሞተች ሳትሆን የተገደለች ናት። ኦበርት-ቶርን ጋ ግን ጆሮ ራሱ ይሠራል፤ ከሽሽታው ውስጥ ክሩን እየለየ፣ ጠፋ ሲለው እያገኘው። አጎቴ ዝናቡን ለምን እንደፈለገው የገባኝ ማህለርን እየሰማሁ ነው ስል ሰው ይስቅብኛል።

ወደ ታሪኩ ልግባ፤ ስለዚህ ቅጂ የሚያወራ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ስለሆነ ሆን ብዬ ነው ያቆየሁት።

ጀርመኖቹ ሲገቡ ዋልተር አምስተርዳም ነበር። አልተመለሰም። ቪየና የነበረች ልጁ ታስራ ተፈታች። ጋይስበርግ የሙከራ ሸክላዎቹን ይዞ ለዋልተር ያስደመጠው ፓሪስ ላይ ነው። የቫዮሊኖቹ አለቃ አርኖልድ ሮዜ፣ ከ1881 ጀምሮ በዚያ ወንበር የተቀመጠ፣ የማህለርን እህት ያገባ የ74 ዓመት ሽማግሌ፣ አይሁዳዊ በመሆኑ ተባረረ፤ ሚስቱ በዚያው ዓመት ሞተችበት፤ እሱ ለንደን ተሰዶ በ1946 ሞተ። ልጁ አልማ ሮዜ፣ እሷም ቫዮሊን ተጫዋች፣ ኦሽዊትዝ ቢርከናው በሚባለው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ የእስረኛ ሴቶች ኦርኬስትራ ስትመራ ቆይታ በ1944 እዚያው ሞተች። ከኦርኬስትራው አባላትና ጡረተኞች አምስቱ በማጎሪያ ካምፖች አለቁ።

ይህን ካወቁ በኋላ ያንን ሳል እንደ ድሮው መስማት አይቻልም። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ብዙ ሰው "በዚህ ቅጂ ውስጥ የሚመጣው ጥፋት ይሰማል" ሲል አነባለሁ። እውነት ይሰማል? እኔ ስሰማው የሚፈጥን ኦርኬስትራ ነው የምሰማው። ዋልተር አዳጆውን የሚጨርሰው በአሥራ ስምንት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከሱ በኋላ የመጡ መሪዎች እስከ ሃያ አምስትና ከዚያም በላይ ጎትተውታል። ግርግሩ ክፍል ላይ ሰዎቹ የሚሳሳቱበት ቦታ አለ፤ አንዱ ቀድሞ ይገባል፣ ሌላው ይጋጫል። ይህ የለቅሶ ቤት አይደለም። ከባድ ሥራ ይዘው እንዳይወድቁ የሚሮጡ ሰዎች ናቸው፤ ከአዳራሹ ሲወጡ ምሳ የሚበሉ። ስጋት አልነበረባቸውም አልልም፤ ዋልተር ራሱ በ1933 ከጀርመን የተባረረ ሰው ነው፣ ናዚ ምን እንደሆነ የሚነግረው አያስፈልገውም። ግን ሁለት ወር እንደቀራቸው አያውቁም። የምናውቀው እኛ ነን፤ ሐዘኑንም ይዘን የምንገባው እኛው ነን። ያለቀሰ ሰው ዋሸ አልልም፤ እኔም አንድ ጊዜ አልቅሻለሁ። ያለቀስኩት ግን ስለማውቀው እንጂ ሸክላው ስለነገረኝ አይመስለኝም።

የዚያ ቀን ቁጥር ሌላም ነገር ያስታውሰኛል። ጥር 8 ቀን 1930 ዓ.ም.፤ ጥምቀት ሦስት ቀን ቀርቶታል፣ አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ናት፣ አርበኞቹ በየጫካው ናቸው፣ ጃንሆይ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በስደት ተቀምጠዋል። ሁለቱ ነገሮች የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ግን ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1934 የኦስትሪያው መሪ በናዚዎች ሲገደል ጦሩን ወደ ብሬነር ድንበር አስጠግቶ ሂትለርን ያስፈራራው ሙሶሊኒ ነበር። በ1935 ኢትዮጵያን ሲወር የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለበት፤ "እኛ የለንበትም" ካሉት ጥቂቶች አንዷ ኦስትሪያ ናት። ውለታ መሆኑ ነው። በዚያ ጦርነት ምክንያት ሙሶሊኒ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ተጣልቶ ከሂትለር ጎን ቆመ፤ በመጋቢት 1938 ወደ ቪየና ሲዘመት ድንበር ላይ የወጣ አንድም የጣሊያን ወታደር አልነበረም። ይህን ሳስብ ያ ሙዚክፌራይን ውስጥ የሳለው ሰውዬ ስለ ማይጨው ጋዜጣ ላይ አንብቦ ገጹን ገልብጦ ይሆናል እላለሁ። አንብቦ ከሆነ አልቀየመውም። እኔስ ዛሬ ስንት ገጽ ገለበጥኩ?

ዋልተር በ1961፣ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ዘጠነኛውን አሜሪካ ላይ በስቴሪዮ እንደገና ቀድቶታል። እዚያ ሁሉም ነገር ይሰማል። ሃርፑ ግራ ነው ቀኝ ነው ለማለት ይቻላል፤ የሚስል የለም፣ የሚጋጭ የለም። ሽማግሌው ረጋ ብሎ፣ ለሚወደው ሰው የሚናገር ይመስል ይመራል። ሲምፎኒውን ለማያውቅ ሰው ስጦታ ከሰጠሁ እሱን ነው የምሰጠው። ለራሴ ግን የምከፍተው የ38ቱን ነው፤ ምክንያቱን ለማስረዳት ይህን ሁሉ ጻፍኩ፣ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልያዝኩትም።

የአያቴን ካሴት እንደገና ገለበጥኩት። በዚህኛው ጊዜ ራሱን ቴፑን ብቻ አስተካከልኩ፤ ካሴቱን የሚያነበውን ጭንቅላት በአልኮል አጸዳሁ፣ አዘንብሎ የነበረውን ሽክርክሪት አቃናሁ። ዝናቡን አልነካሁትም። አጎቴ ሲደርሰው ምንም አልጻፈልኝም፤ በማግስቱ ደውሎ ስለ መኪናው ብልሽት ነው ያወራኝ። ሊዘጋ ሲል "እትዬ ዘነቡ በሩን ስታንኳኳ ትሰማለች፣ አስተውለሃል?" አለኝ። አላስተዋልኩም ነበር። ሄጄ ሰማሁት፤ እውነትም ከዝናቡ ኋላ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ የቆርቆሮ በር ሦስት ጊዜ ይመታል።

ትናንት ማታ ደግሞ ማህለርን ከፍቼ ነበር። ልጆቹ ተኝተዋል፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደርሻለሁ። ቫዮላዎቹ ያቺን የመጨረሻ ድምፃቸውን ይዘዋል፤ ወይም ለቀዋታል፣ ሽሽታው ብቻ ነው የቀረው፤ የትኛው እንደሆነ በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ለይቼው አላውቅም። ባለቤቴ በሩን ገፋ አድርጋ አንገቷን አስገባች።

"አልቋል እኮ። ለምን አታጠፋውም?"

"ቆይ" አልኳት።